በሠላሳ በመቶ ውስጥ የተወለደ ፋኩልቲ

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት ለኢኮኖሚክስና ለማኔጅመንት ዘመኑ አልነበረም። ከ2001 ጀምሮ መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲያጠኑ ወስኖ ነበር። ከሠላሳው ላይ ሕጉም፣ ታሪኩም፣ ቋንቋውም፣ ጂኦግራፊውም ድርሻውን ያነሣ ነበር። ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ጉና ተራራ ሥር የተተከለው ከዚያ በተረፈው ነው።

ታዲያ ለምን ተከፈተ? አንደኛው መልስ አጭር ነው፤ ርካሽ ስለሆነ። ከደብረ ታቦር ጋር በአንድ ሰሞን የተከፈቱት እነ ወልድያ፣ አዲግራት፣ መቱ፣ አሶሳ፣ ቡሌ ሆራና ወልቂጤ «ሦስተኛው ትውልድ» ተብለው ግንባታቸው ሳያልቅ ነው ተማሪ የተቀበሉት። ኢንጂነሪንግ ወርክሾፕ ይጠይቃል፤ ኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ይጠይቃል። ኢኮኖሚክስ ግን ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ ማስተርሱን የያዘ መምህርና በግቢው በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ካገኘ ይሄዳል። ሁለተኛው መልስ ረዘም ይላል። ይህ ዓይነቱ ፋኩልቲ በኢትዮጵያ የተወለደውም የተስፋፋውም መንግሥት ወንበሩን የሚሞላለት ሰው ባጣ ጊዜ ነው። መንግሥት የሚያስተዳድርበትን መንገድ በለወጠ ቁጥርም ፋኩልቲው ስሙን፣ መጽሐፉንና የተማሪውን ቁጥር አብሮ ሲለውጥ ኖሯል።

ደብረ ታቦር ራሷ ለአስተዳደር እንግዳ አይደለችም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የየጁው ራስ ጉግሣ መቀመጫቸው አደረጓት። ከእሳቸው በኋላ ራስ አሊ፣ አጼ ቴዎድሮስ፣ አጼ ዮሐንስም ጭምር ከዚህች ከተማ ሆነው አገር ገዝተዋል። የቴዎድሮስና የደብረ ታቦር ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ ከከተማዋ አጠገብ ወዳለችው ጋፋት ይሮጣል። እነ ዋልድማየር የተባሉት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ የሠሩት እዚያ ነው፤ ንጉሡ በ1860 መግቢያ ላይ ወደ 7 ቶን የሚገመተውን መድፍ መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ ያስጎተቱትም ከዚሁ ነው። ኢኮኖሚክስ ለሚያጠና ሰው ግን ከመድፉ ይልቅ ሒሳቡ ይበልጣል። ቴዎድሮስ ባላገር እየዘረፈ የሚያድር ወታደር አስጠልቷቸው በደመወዝ የሚያድር ጦር ፈለጉ። ደመወዝ ግብር ይፈልጋል፤ ግብሩ ደግሞ ከመሬት ነው የሚወጣው፤ ከመሬቱም ሰፊ ድርሻ በቤተ ክህነት እጅ ነበር። በ1852 ገደማ ለካህናቱ ይበቃል ካሉት የተረፈውን መሬት ወደ ገበሬው ሲያዞሩ የተነሣባቸው ጥላቻ እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። የገቢ ምንጭ ሳያደላድሉ ወጪ መጀመር ምን እንደሚያመጣ ለማስተማር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም፤ ከክፍሉ ተነሥቶ በእግር የሚደረስበት ነው። ዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ጋፋት ብሎ ሰይሟል። በዚያ ግብር ስም የተሰየመ አዳራሽም ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

የኋላ ኋላ የአስተዳደሩ ቢሮ ከከተማዋ ሄደ። የቤገምድር ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም ላይ በጦርነት ወደቁ። ከጣሊያን በኋላ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ጎንደር ሲሆን ደብረ ታቦር የአውራጃ ከተማ ሆና ቀረች። የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሆና ማኅተም እንደገና እስኪመታባት ድረስ ከ50 ዓመት በላይ አልፏል።

የኢኮኖሚክስና የማኔጅመንት ትምህርቱ ግን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሌላ መንገድ ነው። በአማርኛ ስለ ኢኮኖሚ በቅጡ የጻፉት የመጀመሪያው ሰው ፋኩልቲ የሚባል ነገር በአገራቸው አላዩም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አድዋ አካባቢ ተወልደው፣ በጀርመን አገር ተምረው፣ ድሬዳዋ ላይ በጉምሩክ ሹመት ሠርተው በ1911 ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሞቱ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ነው። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ለምን እንደሚደኸይ፣ በየኬላው የሚቆረጥ ቀረጥ ነጋዴውን እንዴት እንደሚያንቀው፣ ግብር ለምን ቁርጥ ያለ ልክ እንደሚያስፈልገው ይተነትናሉ። የጉምሩክ ሹም በየቀኑ የሚያየውን ነገር ወደ ሐሳብ ከፍ ያደረገበት መጽሐፍ ስለሆነ ዛሬም ሲነበብ የቢሮ ሽታ አለው፤ ይህን በምስጋና ነው የምለው።

ትምህርት ቤቱ የተጀመረው ከታች፣ ከጸሐፊው ነው። በ1935 የተከፈተው አዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ሰንጋ ተራ ላይ ሰው ሁሉ «ኮሜርስ» እያለ የሚያውቀው፣ ታይፕ የሚመታና መዝገብ የሚይዝ ሰው ያወጣ ነበር። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲያን ማት የሚመሩት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ሲጀመር ኢኮኖሚክስ ከሌሎቹ የአርትስ ትምህርቶች ጋር ገባ። በዚያው በ1940ዎቹ በተባበሩት መንግሥታት የሙያ እርዳታ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ኋላ የኢትዮጵያ ሥራ አመራር ኢንስቲትዩት የተባለው እሱ ነው። በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተመረቀ፤ የቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ኮሌጅም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ።

ስለዚህ ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር የምናያቸው ሦስቱ ትምህርቶች የገቡት በሦስት በር ነው። ኢኮኖሚክስ ከፍልስፍናና ከታሪክ ጎን መጣ፤ ማኔጅመንት ከሒሳብ መዝገብና ከታይፕ ቤት፤ የሕዝብ አስተዳደር ደግሞ ከውጭ አማካሪዎች ሥልጠና። ይህ መነሻ እስካሁን ይታያል። ኢኮኖሚክስ መምህሩ የማኔጅመንቱን ጓደኛውን «ሒሳብ የለውም» ብሎ ያማዋል፤ ማኔጅመንቱ ደግሞ «የእናንተ ሥራ የት ነው የሚቀጥረው?» ይለዋል። የሕዝብ አስተዳደር ቋሚ ቤት ሳይኖረው ቀርቷል። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ከማኔጅመንት ጋር ያስቀምጠዋል፤ ሌላው «ገቨርናንስና ልማት ጥናት» ብሎ ከማኅበራዊ ሳይንስ ጋር ያኖረዋል። የምሩቅ ዋናው ቀጣሪ መንግሥት ሆኖ ሳለ መንግሥትን የሚያጠናው ትምህርት ማረፊያ አጥቶ መኖሩ ይገርማል።

ደርግ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ተማሪው ዘመቻ ወጣ። ሲመለስ ኢኮኖሚክስ ፖለቲካል ኢኮኖሚ ሆኖ ጠበቀው። በ1971 የማዕከላዊ ፕላን ጠቅላይ መምሪያ ሲቋቋም ደግሞ የምሩቁ መድረሻ ታወቀ፤ የእህል ኮታ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ። ስለዚህ ዘመን ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለጉና አካባቢ የቀረው ትልቁ ነገር ግን ከመማሪያ ክፍል የወጣ አይደለም። ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ በደብረ ታቦር በኩል ጋይንትን አቋርጦ ወሎ ሲደርስ ለአካባቢው ገበያ ያደረገውን ያህል የትኛውም ዕቅድ አላደረገም።

ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ነገሩ ሁለት መልክ ያዘ። በአንድ በኩል በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ፤ ዕውቀት ያካበተ ትውልድ ነበር። በሌላ በኩል በክልሎች የተዋቀረው አዲሱ መንግሥት ሠራተኛ አጥቶ ነበርና በ1987 ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅን ከፈተ፤ ሕግ፣ ኢኮኖሚክስና የከተማ አስተዳደር ለሹመኞች በአፋጣኝ የሚያስተምር። ባሕር ዳር በ1992፣ ጎንደር በ1996 ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ ፔዳጎጂና ፖሊቴክኒክ፣ ሕክምናና ጤና ብቻ ይታወቁባቸው የነበሩት ግቢዎች የኢኮኖሚክስና የአካውንቲንግ ክፍል ጨመሩ። ከዚያ በፊት ከፋርጣ ወይም ከእስቴ የተነሣ ልጅ ኢኮኖሚክስ ልማር ቢል መንገዱ በአብዛኛው አዲስ አበባ ነበር።

የፋኩልቲዎቹን መብዛት ከምንም በላይ የወሰነው ግን የ1994ቱ ውሳኔ ይመስለኛል። በዚያ ዓመት አማራን ጨምሮ በአራቱ ትልልቅ ክልሎች በጀት በቀመር ተሰልቶ በጥቅል ወደ ወረዳ ወረደ። እስከዚያ ድረስ ከዞን ትእዛዝ ይጠብቅ የነበረ ወረዳ በአንድ ጊዜ ዕቅድ አውጪ፣ በጀት ደልዳይ፣ ግዢ ፈጻሚና ሒሳብ ዘጊ ሆነ። እብናትም ስማዳም ታች ጋይንትም ኢኮኖሚስት፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የሰው ኃይል ባለሙያና ኦዲተር ያስፈልጋቸው ነበር። ሰው ስላልተገኘ አንድ የፋይናንስ ቡድን ብዙ ጽሕፈት ቤቶችን እንዲያገለግል ተደረገ፤ «ፑል» የሚባለው አሠራር የመጣው በዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ያን ጊዜ የወረዳን ወንበር ለመሙላት ሌት ተቀን ሠርተዋል፤ በመደበኛ፣ በማታ፣ በክረምት፣ በቅዳሜና እሑድ።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ምሩቅ ያጋጠመውን ላሳይ። ጽሕፈት ቤቱ 20 ወንበር ገዛ እንበል። ዕቃው ሲገባ ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 ይቆርጣል። ወንበሩን የሚፈልገው ክፍል ሞዴል 20 ሞልቶ ይጠይቃል፤ ሲፈቀድለት በሞዴል 22 ወጪ ይሆንለታል። ገንዘብ ከተሰበሰበ በሞዴል 64 ነው። አንዱ ኮፒ ከጎደለ ኦዲተር ሲመጣ ወንበሩ በዓይን እየታየ በወረቀት ላይ የለም ይባላል። ከዚያ ሰኔ ይመጣል፤ በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋልና ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ግዢው ሁሉ በአንድ ወር ይታጨቃል፤ ፋይናንሱ ሌሊት ያድራል። በዚያው ዘመን የፌዴራልና የክልል ሒሳብ ወደ ሁለትዮሽ አመዘጋገብ ተሸጋግሮ «አይቤክስ» በሚባል ሶፍትዌር መያዝ ጀምሮ ነበር። ዲግሪውን ይዞ የመጣው ልጅ የሞኖፖሊን ግራፍ ይሥላል፤ ሞዴል 22ን ግን የሚያሳየው 12ኛ ክፍልን ጨርሶ 15 ዓመት የሠራው ንብረት ኃላፊ ነው።

ይህ ጉድለት የመምህራኑ ስንፍና አይደለም። መማሪያው ከውጭ የመጣ ነው። ብዙ ቦታ የሚጠቀሰው የማንኪው መግቢያ መጽሐፍ ፍላጎትንና አቅርቦትን የሚያስረዳው በአይስክሬም ነው፤ በ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚማር ተማሪ የአይስክሬም ገበያን በዓይነ ኅሊናው ማየት አለበት። ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ስለ በጀት ድልድል በእንግሊዝኛ ተፈትኖ ይመረቅና ለወረዳ ምክር ቤት የሚያቀርበውን የበጀት ማብራሪያ በአማርኛ ለመጻፍ ይቸገራል። ገብረ ሕይወት ከመቶ ዓመት በፊት በአማርኛ የፈቱትን ነገር እሱ ከእንግሊዝኛ ስላይድ ላይ እየገለበጠ ነው የሚጽፈው።

ደብረ ታቦር ላይ ይህ ይበልጥ ያስቆጫል፤ ዙሪያው ሁሉ ትምህርት ነውና። ከፍታው ከ4,100 ሜትር የሚበልጠው ጉና ርብንና ጉማራን ያፈልቃል፤ ወንዞቹ ፎገራ ሜዳ ላይ ደለላቸውን ጥለው ጣና ይገባሉ። ላይ ደጋው ገብስና ድንች ያመርታል፤ ታች ሜዳው ሩዝ። ድንቹን እንመልከት። በክምር ድንጋይና በፋርጣ ገበሬው ሁሉ በአንድ ሰሞን ይቆፍራል። ድንች አይቆይም፤ ማከማቻ የለም፤ ጆንያው መንገድ ዳር ይደረደራል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው በአይሱዙ የመጣው ነጋዴ ነው። ያው ገበሬ ከወራት በኋላ ዘር ሲያጣ የሸጠውን ድንች በላቀ ዋጋ ይገዛል። መጽሐፉ ይህን «ፍጹም ውድድር» በሚለው ምዕራፍ ያልፈዋል፤ ብዙ ሻጭ አለና። ጆንያው አጠገብ የቆመ ሰው ግን የሚያየው ሻጩ ቢበዛም ገዢው ሁለትና ሦስት መሆኑን ነው።

ሩዙ ደግሞ ተቃራኒ ታሪክ አለው። ፎገራ ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ ነበር። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በገበሬ ማኅበራት ማሳ ላይ ሩዝ ሞከሩ። ፕሮጀክቱ ቢከስምም ሩዙ ገበሬው እጅ ላይ ቀረ። ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሲጋገርበት ገበያ አገኘ፤ ወረታ በመፈልፈያ ወፍጮዎች ሞላች፤ ዛሬ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው እዚያው ነው። ማንም በዚህ መልክ ያላቀደው ለውጥ በመሆኑ ለዕቅድ ተማሪዎች ጥሩ መድኃኒት ነው።

በዚያው በፎገራ አውራ አምባ አለች። በ1964 ዙምራ ኑሩ ያቋቋሟት ማኅበረሰብ ወንድና ሴት እኩል ሠርተው፣ ገቢያቸውን አዋጥተው፣ ለአረጋዊና ለታማሚ ድርሻ ቆርጠው የሚኖሩባት ናት። የሽመናው ሒሳብ፣ የኮሚቴው ውሳኔ፣ የሥራ ድልድሉ፣ ሁሉም ማኔጅመንት ነው። ከውጭ አገር ብዙ ተመራማሪ መጥቶባታል። ከደብረ ታቦር እዚያ ለመድረስ የግማሽ ቀን ጉዞ እንኳ አይፈጅም። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ከ1997 ጀምሮ የሴፍቲኔት እርዳታ ተጠቃሚ የሆኑት ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እብናት ይገኛሉ። ማን ለእርዳታው ይመረጥ፣ ማን «ይመረቅ»፣ ማለትም ከእርዳታው ይውጣ የሚለውን የቀበሌ ስብሰባ አንድ ጊዜ የተቀመጠበት ተማሪ ስለ ድህነት መለኪያ ከሦስት ኮርስ የበለጠ ይማራል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ምልክቶች አሉ። ዩኒቨርሲቲው ጉናንና ጣናን አጣምሮ የሚያጠና የምርምር ማዕከል አለው። የመመረቂያ ጽሑፎችም ርእሳቸው ወደ አካባቢው ያጋደለ ነው፤ የፋርጣ ገበሬ የብድር አጠቃቀም፣ የሴቶች ቁጠባ፣ የግብር ከፋዮች አመለካከት። ብዙዎቹ ግን አንድ አካሄድ አላቸው፦ መጠይቅ ይበተናል፣ ቁጥሩ ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል፣ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥ» ተብሎ ይዘጋል። የሚመለከተው አካል ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አያነበውም።

የመንግሥት ቢሮውም በበኩሉ የራሱን ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ቢፒአር የተባለው የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፣ ቢኤስሲ የተባለው ሚዛናዊ የውጤት ምዘና ተከተለ፣ ካይዘን የተባለው የጃፓን አሠራር በ2004 ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት፣ ከዚያ የሥራ ምዘናና ደረጃ አወጣጥ። በእያንዳንዱ ጊዜ ሠራተኛው አዳራሽ ተጠርቶ ውሎ አበል ተከፍሎት ሰለጠነ፤ ግድግዳው ላይ አዲስ ቻርት ተለጠፈ። ማኔጅመንት ክፍሎች ይህን ሁሉ ኮርስ ውስጥ አስገብተው አስተማሩት። አንዱም ለምን እንዳልዘለቀ የመረመሩት ግን ጥቂት ናቸው፤ ይህ ጥያቄ ለሕዝብ አስተዳደር ትምህርት የሕልውናው ጉዳይ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። መጋቢት 2012 በኮቪድ ግቢው ተበተነ። ነሐሴ 2013 በትግራይ የተነሣው ጦርነት ጋይንትን ተሻግሮ ጉና ደረሰ፤ ነፋስ መውጫ ተያዘች፤ ደብረ ታቦር ከተማ በከባድ መሣሪያ ተመታች። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የትምህርት ካላንደርን ዋጋ አሳጥቶታል፤ ተማሪ መጥራት ራሱ የጸጥታ ውሳኔ ሆነ።

በመካከሉ የትምህርት ሚኒስቴር ሚዛን ከብዛት ወደ ጥራት ተገለበጠ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ተሰጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ለዓመታት ተማሪ የት ላስቀምጥ ሲሉ የኖሩ ክፍሎች አሁን ተማሪ ከየት ላምጣ ይላሉ። ሐምሌ 2015 ደግሞ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ተጀመረ። ለጥራት ቢታሰብ ጥሩ ነው፤ ማን ምን እንደሚያውቅ ታየ። ግን ፈተናው ብሔራዊ ነው፤ ደብረ ታቦርም ጅግጅጋም ያሉ ኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የሚመልሱት ያንኑ ጥያቄ ነው። አሁን አንድ መምህር የክምር ድንጋይን የድንች ገበያ ለመተንተን ተማሪዎቹን ይዞ ልውጣ ቢል ከኋላ ወንበር «መምህር፣ ይሄ መውጫ ፈተና ላይ ይወጣል?» የሚል ይነሣል። እውነተኛው መልስ አይወጣም ነው፤ ተማሪውም ይህን ስለሚያውቅ ወደ ሞጁሉ ይመለሳል።